ዩዋን ፕላስ ለአምስት ሰው ቤተሰብ፣ አዳማ ላይ፤ ጥሩውንም መጥፎውንም አምጡት

ባለያሪሱ
ሰላም ለሁላችሁ። ያሪስ መኪናችን ጠበበችን። ሦስተኛው ልጅ ከመጣ ወዲህ ከኋላ ሁለት የሕፃን መቀመጫ ታስሮ ትልቋ ልጄ መሃል ላይ ሽጉጥ ብላ ነው የምትሄደው። ኢቴያ እናቴ ጋ ደርሰን ስንመለስ ደግሞ የምትጭንልን ስንዴና ድንች የልጆቹ እግር ስር ይገባል። እና ከፍ ያለች፣ ሰፋ ያለች፣ ግን ከተማ ውስጥ ለማቆም የማታስቸግር መኪና እየፈለግኩ ነው።

ዓይኔ ያረፈው የቻይናው ኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ላይ ነው። 49.92 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለውና 60.48 ያለው አለ። የዋጋ ልዩነቱ ለኔ ቀላል አይደለም። መንገዴ ይህ ነው፦ በየቀኑ ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ገበያ። በወር ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ። በዓል ሲሆን ኢቴያ። የእናቴ ቤት ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ክረምት ላይ መንገዱን አታንሱት። ተከራይ ነኝ፣ ቆጣሪው ከአከራዬ ጋር የጋራ ነው።

የሚነዳው ካለ ሳይደብቅ ይንገረኝ። «ምርጥ መኪና ነው፣ ግዛ» የሚል መልስ አልፈልግም። እሱን ደላላው ነግሮኛል።

አቦ_አዳማ
አቦ ምርጥ መኪና ነው፣ ግዛ!

ሃሃሃ ቀልዴን ነው። 60ውን ነው የምነዳው፣ አዲስ አበባም እመላለሳለሁ። ስለዚህ እሱን ልንገርህ፣ ሌላውን ሌሎቹ ይሞሉልሃል። ከኛ ወደ አዲስ አበባ ዳገት ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ ሲሄዱ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሚመስል አይታወቅህም፣ ባትሪው ግን ያውቀዋል። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። መንገዱ 120 ይፈቅዳል፣ ነገር ግን በ120 ከነዳኸው ፐርሰንቱ ሲወርድ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ። እኔ ከ90 እስከ 100 ያዝ አድርጌ ስሄድ መውጫው 22 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ 14፣ 15። ደምረው። 60ው ላይ ሲሶው ይተርፍሃል። 49.92ው ላይ ግን ከቦሌ መርካቶ፣ ከመርካቶ ሳርቤት እያልክ ጉዳይህን ስትጨርስ ከሞጆ በኋላ አየር ማቀዝቀዣ አጥፍተህ ነው የምትገባው። ከነልጆችህ፣ በዚህ ሙቀት።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለውን 510 ኪሎ ሜትር እርሳው። የቻይና መለኪያ ነው። ለዚያው ባትሪ የአውሮፓው መለኪያ 420 ነው የሚለው። አንተ ለፈጣን መንገድ 300 ብለህ አስብ፣ ከዚያ በላይ ካገኘህ ምርቃት ነው።

የልጆች_እናት
እኔ ስለ ውስጡ ላውራ፣ ወንዶቹ ባትሪ ሲቆጥሩ ይረሱታል።

ከኋላ ወለሉ ለጥ ያለ ነው። መሃል የሚቀመጠው ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት አለው፣ የነዳጅ መኪኖች ላይ ያለው ጉብታ የለም። ረባሹ የኔ ትንሹ መሃል ላይ ተቀምጦ አያማርርም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዕቃ መጫኛው 440 ሊትር ይላል። የሕፃን ጋሪ፣ የሳምንት አስቤዛ፣ አንድ የስንዴ ከረጢት ተያይዘው ይገባሉ።

በሩ ላይ የዕቃ ማስቀመጫው በሦስት ቀይ ክር ነው የተዘጋው፣ እንደ ክራር ሲነኩት ድምፅ ይሰጣል። ፋብሪካው አስቦበት ነው የሠራው። ቆንጆ ነገር ነው ብዬ ነበር፣ ሞጆ ድረስ። ልጆች ካሉህ ከአዳማ አዲስ አበባ ሙሉውን መንገድ ድንን፣ ድንን፣ ድንን ስትሰማ ነው የምትሄደው። ባለቤቴ ክሩን በፕላስተር አስሮታል።

የማልወደው፦ ለቻይና ገበያ የተሠራው ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። ቋንቋውን ቀየርንልህ ብለው የሚሸጡት አለ፣ ግማሹ ይቀየራል ግማሹ ይቀራል። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ስልክ አውጥቼ በካሜራ እያስተረጎምኩ ነው የማነበው። እየነዱ ይህን ማድረግ አይቻልም። ከመግዛትህ በፊት ቁጭ በልና ማቀዝቀዣውን፣ የቻርጅ ገደቡን፣ የጎማ አየሩን ራስህ ፈልገህ አግኝ። ካላገኘኸው ባለቤትህም አታገኘውም።

ጣሪያው መስታወት የሆነው ላይ መጋረጃውን ዝጋ። በግንቦት ፀሐይ ክፍት ትተኸው የቆመ መኪና ውስጥ ልጅ አይገባም። ደግነቱ በስልክ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ ይቻላል ይባላል፣ የኛው ላይ ግን መተግበሪያው የቻይና ስልክ ቁጥር ስለሚጠይቅ አልሠራልንም።

ጋሽ_ናፍጣ
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከባድ መኪና ላይ ነው። አሰብም ጅቡቲም። ኤሌክትሪክ ጠላት ነህ እንዳትሉኝ፣ ጭስ ስስብ የኖርኩት እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጎማ ሲፈነዳስ?

ይህ መኪና ስኮርታ የለውም። ማጣበቂያ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው ይዞ የሚመጣው። ሚስማር ከሆነ ያወጣሃል። ድንጋይ ጎኑን ከቀደደው ግን ፈሳሹ መሬት ነው የሚጠጣው። ማታ ከዴራ በላይ ሦስት ልጅ ይዘህ ቆመህ ለማን ትደውላለህ? ጎማው ደግሞ 215/55፣ 18 ቸርኬ ነው። በየጎሚስታው ደጃፍ የተደረደረው ያሪስና ቪትዝ ጎማ ነው እንጂ እሱ አይደለም።

መኪናው ከባድ ነው፣ ወደ 1.7 ቶን። ሞተሩ ገና ስትነካው ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ልጅ እግር የሆነ ሹፌር ከመብራት ላይ እያስፈነጠረ ከነዳው የፊት ጎማ አይቆይለትም። ጎማ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

ባለያሪሱ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስኮርታ እንደሌለው ደላላው አልነገረኝም። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር ክፍሉን ሲያሳየኝ ነበር፣ ኋላውን ሳላይ ቀረሁ።

የኢቴያ_ልጅ
ወንድሜ እናትህ ጋ የሚወስደውን መንገድ ሳላውቀው አልቀርም።

አስፋልቱ ምንም ችግር የለውም። እንዲያውም አዋሽ መልካሳን አልፈህ ዳገቱ ሲጀምር ነው ኤሌክትሪክ መኪና የሚያስደስተው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ይጥላል፣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ስትደርስ 1.6 ሞተር የገዛኸው ሰው በተግባር 1.2 ነው የምትነዳው። ኤሌክትሪኩ ከአየር ጋር ጉዳይ የለውም። ሲኖትራክ ለማለፍ ማርሽ መቀነስ፣ ሞተር ማስጮህ የለም። ትነካዋለህ ያልፋል።

ዳገቱ ስንት ይበላል ብለህ ከፈራህ፣ አሰላ ድረስ 800 ሜትር ሽቅብ አምስት ሰው ይዞ መውጣት በሜዳው ፍጆታ ላይ የሚጨምረው 4 ኪሎዋት ሰዓት ከምናምን ነው። ስትመለስ ፍሬን በመያዝ ፈንታ እግርህን ስታነሳ ራሱ እየያዘ ከዚያ ውስጥ ደህና አድርጎ ይመልስልሃል። ኢቴያ ደግሞ ከአሰላ በፊት ናት፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ደርሰህ፣ በልተህ፣ ጠጥተህ ሳትሞላ ትመለሳለህ። በትንሹም ባትሪ።

ችግሩ ከአስፋልቱ ስትወርድ ነው። የሚጎትተው የፊት ጎማ ብቻ ነው፣ ሆዱ ዝቅ ያለ ነው፣ ባትሪው ደግሞ ያው ሆዱ ላይ ነው የተነጠፈው። ሐምሌ ላይ መረሬ አፈር ጎማውን አንዴ ከለሰነው ገና ቤንዚኑን ስትነካ (ይቅርታ፣ መብራቱን) የፊት ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ጉልበቱ ሲበዛ እዚህ ጋ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። በበጋ ቀስ ብለህ ትገባለህ፣ ድንጋዩን ዓይተህ። በክረምት አስፋልት ዳር አቁመህ በእግርህ ግባ፣ ስንዴውን ጋሪ ያወጣዋል።

ባለቪታራ
ይኸው! ለዚህ ነው ሱዙኪ ቪታራ በሉ የምለው። ባለ 1.6ቷ። ቱርቦ የላት፣ የተወሳሰበ ነገር የላት፣ የሞተሯ ሰንሰለት እንጂ ቺንጊያ አይደለም ጠብቀህ የምትቀይረው። ክብደቷ 1.1 ቶን አካባቢ ነው። ከመሬት 18.5 ሳንቲ ከፍ ብላለች። በአራቱም ጎማ የምትጎትተዋን ካገኘህ የእናትህ በር ላይ ነው የምታቆማት። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ17 ነው፣ ፖስታ ቤት አካባቢ የትም ትገባለች። ጋራዥ? ማንም ይነካታል።

የልጆች_እናት
ባለቪታራ፣ ሦስት ልጅ ከኋላ አስቀምጠህ ታውቃለህ? ጎኗ 1 ሜትር ከ77 ነው። ዩዋኑ 1 ሜትር ከ87 ነው። ያቺ አሥር ሳንቲ ናት ሁለት የሕፃን መቀመጫ ታስሮ ሦስተኛዋ ልጅ ትከሻዋን አሳርፋ የምትሄድባት። ዕቃ መጫኛዋም 375 ሊትር ነው። ሰውየው እኮ የጠየቀው ጠቦኛል ብሎ ነው።

ባለቪታራ
እሺ እሱን ተቀብያለሁ። ጠባብ ናት። ግን መኪናዋን ዛሬ ገዝተህ ከአሥር ዓመት በኋላም ትሸጣታለህ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም፣ ስለዚህ ያለው ራሱ እየተፈለገ ነው የሚሄደው።

አቦ_አዳማ
ቤንዚኑንስ ከየት ነው የምታመጣው? ባለፈው ሰልፍ ላይ አግኝቼህ አልነበረም እንዴ? ቴሌብር ከፍተህ ስልክህን ይዘህ ቆመህ «አለቀ» ሲሉህ ፊትህን አይቻለሁ። በሃይላንድ ከሚሸጡት ልጆች ገዝተህ ነው የሄድከው፣ ምን እንደተቀላቀለበት እግዜር ይወቀው።

ባለቪታራ
ያ ቀን አይነሳብኝ።

ጋሽ_ናፍጣ
ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ነዳጅ ይጠፋል፣ መብራትም ይጠፋል። ልዩነቱ ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ይገኛል።

ሶስት_ፌዝ
ሁላችሁም መኪናውን ታያላችሁ። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆንኩ መጀመሪያ የማየው ቆጣሪውን ነው። ለባለያሪሱም ዋናው ጥያቄ እዚያ ነው ያለው፣ እሱ ግን በመጨረሻ መስመር ላይ ጣል አድርጎት ነው ያለፈው። «ተከራይ ነኝ፣ ቆጣሪው የጋራ ነው።» ወንድሜ፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበው እሱ ነው።

ሰው ሁልጊዜ «ከዜሮ እስከ መቶ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ማን ነው ከዜሮ የሚሞላው? በቀን 40 ኪሎ ሜትር ብትነዳ የተጠቀምከው 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ተራ ሶኬት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎዋት ይሰጥሃል። አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ማታ ሰክተህ ተኛ፣ ሌሊት መብራት ሁለት ሰዓት ቢጠፋ እንኳ ጠዋት ሞልቶ ታገኘዋለህ። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ስለሆነ መቶ ድረስ መሙላት አይጎዳውም፣ እንዲያውም አልፎ አልፎ መቶ መድረስ አለበት፣ አለበለዚያ ፐርሰንቱን በትክክል ማንበብ ያቅተዋል። ስለዚህ ለከተማው ልዩ ቻርጀር አያስፈልግህም።

ከአዲስ አበባ ስትመለስ ግን ሌላ ነው። የጎደለውን 37፣ 38 ለመመለስ በተራ ሶኬት 17፣ 18 ሰዓት ያስፈልጋል። በማግስቱ መንገድ ካለህ አበቃልህ። 7 ኪሎዋት የሚሰጠው የግድግዳ ቻርጀር ስድስት ሰዓት ይበቃዋል፣ ግን 32 አምፒር ይስባል። አሁን አስብ። አከራይህ እሁድ ጠዋት ምጣድ ጣዱ፣ አንተ መኪና ሰካህ። ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 50 አምፒር ይጠጋሉ። የግቢው ዋና ብሬከር ይወድቃል፣ እንጀራው ምጣዱ ላይ ይቀራል፣ ኪራይህም ይጨምራል።

ሌላው የማየው ነገር ያስፈራኛል። ቅርብ ጊዜ የተጠራሁበት ግቢ በመስኮት የወጣ ኤክስቴንሽን ነበር። ግማሹ እንደተጠቀለለ ነው ያለው፣ ሳይፈቱት ሌሊቱን ሙሉ ሲሞሉበት የከረሙ ናቸው። ሶኬቱ ቡናማ ሆኗል። ፊሻውን ስነቅለው የፕላስቲኩ ክር አብሮ ተሳበ፣ ልክ እንደ ማስቲካ። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን የሚያስወጣበት የለውም፣ እርስ በርሱ ይቃጠላል። ግድግዳው ማዶ ደግሞ የሕፃናት አልጋ ነበር። አቦ ተዉ! ከቆጣሪው ቀጥታ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ በደንብ የተቀበረ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር)። ኧርዝ ከሌለ ብዙው ቻርጀር ራሱ እምቢ ይላል፣ ሰዎች ደግሞ ለማታለል የማያደርጉት ነገር የለም።

ባለያሪሱ
ሶስት ፌዝ፣ አሳሰብከኝ። አከራዬ ጥሩ ሰው ናቸው ግን ስለ መብራት ቢል ሲነሳ ፊታቸው ይለወጣል። ቢሉስ በጣም ይወጣል?

ሶስት_ፌዝ
በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ብትነዳ ወደ 190 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ይቀንሳል። ግን የቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሄደው፣ ከ500 በላይ የመጨረሻው ነው። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ነው። የጋራ ቆጣሪ ላይ ያንተ መኪና አከራይህን ወደ ላይኛው እርከን ይገፋቸዋል፣ የራሳቸው የምጣድ ፍጆታ ሁሉ በውድ ይሰላባቸዋል። የሚያጣላው ይህ ነው። መፍትሔው ለቻርጀሩ መስመር ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ከዚያ የሁለታችሁንም ቁጥር ዓይታችሁ ጭማሪውን አንተ ትሸፍናለህ። በጽሑፍ ተስማሙ። ደጉ ሰው እንኳ ቢል ሲመጣ ይረሳል።

የልጆች_እናት
እኛ ግቢ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ተገልብጦ ከመኪናው ነው የምንስበው። ማገናኛው ለብቻው ነው የሚገዛው። እስከ 3.3 ኪሎዋት ይሰጣል። ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ መብራት፣ ቡና መቁያ ምድጃ ድረስ ይችላል። ምጣድ ግን እንዳትሞክሩ፣ ብዙው ከዚያ በላይ ይስባል። አከራይህን ለማሳመን ይህን ንገራቸው፣ የኔዎቹ ጎረቤቶች ከዚያ ወዲህ ባጃጅ እንዳይነካው እነሱ ናቸው የሚጠብቁልኝ።

በነገራችን ላይ ባጃጅ ነክቶታል። የኋላ ፓራውልት። ትንሽ ስንጥቅ ናት፣ ግን ዕቃው እስኪመጣ ከወር በላይ ጠበቅን። ይህንንም መዝግብ።

አስመጪ_ቀጥታ
ሰላም ቤተሰብ! ዩዋን ፕላስ 60.48፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር፣ ሙሉ ዋስትና ያለው። በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

ጋሽ_ናፍጣ
መጣ።

አቦ_አዳማ
ዋስትናው የማን ነው? ለቻይና ገበያ የተሠራውን ገዝቶ ያመጣ ሰው የፋብሪካውን ዋስትና ይዞ አይመጣም፣ እሱ እዚያው ቻይና ነው የሚሠራው። የራሱን ዋስትና በወረቀት፣ በማኅተም፣ ባትሪውን ጠቅሶ ከሰጠህ ጥሩ። «ሙሉ ዋስትና» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይደለም። መሰኪያውንም ጠይቅ። የቻይናው የቻይና መሰኪያ ነው ያለው፣ ለውጭ ገበያ የሚወጣው አቶ 3 የሚባለው ደግሞ የአውሮፓ ነው። መንገድ ላይ ልትሞላ ያሰብክበት ቦታ የትኛውን እንደያዘ ሄደህ እይ፣ ወሬ አትመን። ሌላው ደግሞ ደረጃው ነው፤ አውሮፓ ላይ በአደጋ ፍተሻ 5 ኮከብ ያገኘው አቶ 3 ነው። የቻይናው እንደየደረጃው የሚጎድልበት ነገር ሊኖር ስለሚችል የአየር ከረጢቱን መቀመጫ በመቀመጫ ቁጠር።

አስመጪ_ቀጥታ
ወንድም በውስጥ መስመር እናውራ።

አቦ_አዳማ
እዚሁ አውራ እንጂ፣ ሁሉም ይስማ።

የኢቴያ_ልጅ
ጠፋ።

ባለያሪሱ
እሺ፣ ከዚህ ሁሉ የገባኝን ልጻፍ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ትንሹ ባትሪ ለከተማና ለኢቴያ ይበቃል፣ አዲስ አበባ ላይ ነው የሚያስጨንቀኝ። ግን አዲስ አበባ የምሄደው በወር ሁለት ሦስቴ ነው፣ በፈጣን ቻርጀር ቡና እስክጠጣ ብሞላስ? ለዚያ ብዬ ያን ሁሉ ብር ልጨምር? ባለቤቴ ልዩነቱን ለቻርጀሩ መስመርና ለስኮርታ አድርገው ትላለች።

አቦ_አዳማ
ፈጣኑ ከ30 እስከ 80 በመቶ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ቻርጀሩ ጉልበት ካለው። ወረፋ ካለ ግን ቡናው ምሳ ይሆናል። እኔ ብሆን 60ውን ነው የምገዛው፣ ባትሪ እኮ እያደር ይቀንሳል፣ የዛሬው 49 የዛሬ ስምንት ዓመት 49 አይደለም።

ጋሽ_ናፍጣ
እኔ ከሚስቱ ጋር ነኝ። ለብር ሲባል ሳይሆን ለስኮርታው። ቸርኬውን ከነጎማው ግዛ፣ ክሪክ ጨምር፣ ዕቃ መጫኛው ላይ በገመድ አስረው። ከ440 ሊትሩ ይበላብሃል፣ ይብላ። ማዳበሪያ ከረጢት ከላዩ ይጫናል።

ባለያሪሱ
እሺ ጋሼ። ሶስት ፌዝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥተህ ግቢውን ታይልኛለህ? መኪናውን ሳልገዛ በፊት። ቦታው ከቆጣሪው እስከማቆምበት 20 ሜትር አካባቢ ነው፣ መሃል ላይ የአከራዬ ኩሽና አለ።

ሶስት_ፌዝ
እመጣለሁ። ለ20 ሜትር 10 ካሬ (ውፍረቱ 10 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ) ገመድ አስብ፣ 4 ካሬ ይበቃል የሚልህን አትስማ። በኩሽናው ጣሪያ ሳይሆን በመሬት በቱቦ ነው የምናሳልፈው፣ ቁፋሮውን አከራይህ ይፍቀዱ። ቅዳሜ እሳቸውም ይኑሩ። ያለፉትን ወራት የመብራት ቢልም አውጥተህ ጠብቀኝ።